ከአጣጥ ቁጥቋጦ እስከ መርፌ፦ ስለ ዕፅዋትና ስለ ካንሰር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ በሆስፒታል ውስጥ የካንሰር መድኃኒት ማዘጋጀት ነው። በመስኮቱ በኩል ማዘዣ የሚሰጡኝ ታካሚዎችና አስታማሚዎች ወረቀቱን ካቀበሉኝ በኋላ ብዙ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ይጠይቁኛል። የሚጠይቁኝ ስለ ቅጠል፣ ስለ ሥር ወይም ስለ ፍሬ ነው። እዚህ የሰበሰብኩት እነዚያን ጥያቄዎች ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከዕፅ የተገኘ የካንሰር መድኃኒት በእርግጥ አለ?

አለ። ምናልባትም እርስዎ ወይም የሚያስታምሙት ሰው ይህን ጊዜ እየወሰዳችሁት ይሆናል።

ቪንክሪስቲንን እንውሰድ። ለሕፃናት የደም ካንሰር፣ ሊምፎማ ለሚባለው የንፍፊት ካንሰርና ለልጆች የኩላሊት ካንሰር ይሰጣል። የተገኘው መነሻዋ ማዳጋስካር ከሆነች፣ ዛሬ ግን በብዙ ሞቃት አገሮች ለውበት ከምትተከል ባለ ሮዝ አበባ ተክል ነው። በ1950ዎቹ ካናዳ ውስጥ ሮበርት ኖብልና ቻርልስ ቢር የተባሉ ተመራማሪዎች ቅጠሏን ሲመረምሩ ካንሰርን አስበው አልነበረም። ጃማይካ ውስጥ ሰዎች ለስኳር በሽታ እንደ ሻይ ይጠጧት ስለነበር ነው። የሙከራ እንስሳቱ ስኳር አልቀነሰም፤ የቀነሰው ነጭ የደም ሴላቸው ነበር። ነጭ የደም ሴል ያለልክ የሚባዛበት በሽታ ደግሞ የደም ካንሰር ነው። ነገሩ የተገናኘው እዚያ ላይ ነው። ሐኪሞች ቪንክሪስቲንን ከ1963 ጀምሮ ያዙታል።

ለጡትና ለእንቁልጢ ካንሰር የሚሰጠው ፓክሊታክስል የተገኘው ከዛፍ ልጣጭ ነው። በነሐሴ 1962 አንድ የዕፅዋት ባለሙያ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ጫካ ውስጥ የፓሲፊክ ዩ የተባለውን ዛፍ ልጣጭ ሰብስቦ ላከ። ሞንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ ንጥረ ነገሩን ለይተው መዋቅሩን በ1971 አሳተሙ፤ መድኃኒቱ የተፈቀደው በ1992 መጨረሻ ነው። ከልጣጩ እስከ ፈቃዱ 30 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ለአንጀት ካንሰር የሚሰጠው አይሪኖቴካን መነሻው የቻይና ዛፍ ነው፤ ኢቶፖሳይድም እንዲሁ ከዕፅ ተነስቶ በላቦራቶሪ የተስተካከለ ነው።

ታዲያ ቅጠሉን ቀቅዬ ብጠጣው ልዩነቱ ምንድን ነው?

ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። አንድ ትልቅ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ቪንክሪስቲን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይደረጋል። ይህ ጥቂት የጤፍ ፍሬ ቢመዘን የሚደርስበት ክብደት ነው። ከዚያ ቢበልጥ ጣት ይደነዝዛል፣ አንጀት ይቆማል፤ በጣም ከበለጠ ይገድላል። ካነሰ ደግሞ ካንሰሩ አይሞትም። እኔ ይህን መጠን የምቀዳው በታካሚው ቁመትና ክብደት ተሰልቶ፣ በሌላ ባለሙያ ተረጋግጦ ነው።

ቅጠሉ ውስጥ ያለው ግን እንደ አፈሩ፣ እንደ ዝናቡና እንደ ተቆረጠበት ወር ይለያያል። በዚያ ላይ እጅግ ጥቂት ነው፤ አንድ ግራም ቪንክሪስቲን ለማግኘት ግማሽ ቶን ያህል ደረቅ ቅጠል ያስፈልጋል ይባላል። በዚያው ቅጠል ውስጥ ከ100 በላይ ሌሎች ውህዶችም አብረው ይቀቀላሉ። በአንድ ስኒ ውስጥ የትኛው ምን ያህል እንደገባ በዓይንም በምላስም መለየት አይቻልም።

አጣጥ የካንሰር መድኃኒት ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ታሪኩ የእኛው ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋምና የዚያው አገር የግብርና መሥሪያ ቤት ከዓለም ዙሪያ ዕፅዋት እየሰበሰቡ በካንሰር ላይ ይፈትሹ ነበር። ሰብሳቢዎቹ ኢትዮጵያም መጥተዋል። ወስደው ከፈተሿቸው ዕፅዋት አንዱ አጣጥ ብለን ከምንጠራቸው፣ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ኮምቦልቻ ከሚሏቸው እሾሃማ ቁጥቋጦዎች ወገን ነው። ሞሪስ ኩፕቻን የተባለ ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር በ1972 ከእርሱ ውስጥ ሜይታንሲን የተባለ ውህድ ለይቶ አወጣ። መጠኑ ከአንድ ኪሎ ደረቅ ዕፅ አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም ነበር። ኋላ ላይ ኬንያ ውስጥ ሺምባ ኮረብታዎች ላይ የሚበቅል የአጣጥ ዘመድ የተሻለ ስለሚሰጥ ከዚያ በቶን ተሰበሰበ።

ውህዱ በጣም ኃይለኛ ነበር። በላቦራቶሪ ከቪንክሪስቲን ከ100 እስከ 1,000 እጥፍ በሚያንስ መጠን ሴል ይገድል ነበር። ታላቅ ተስፋ ተጣለበት፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ለታካሚዎች ተሰጠ፤ ከዚያም ወደቀ። ታካሚዎቹን ማስታወክና ተቅማጥ አደከማቸው፣ ነርቫቸው ተጎዳ፤ ዕጢው ግን እምብዛም አልቀነሰም። መርዙ ዕጢውንና ሰውየውን መለየት አልቻለም። ሜይታንሲን መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ኩፕቻን ራሱ በ1976 ስላረፈ ቀጥሎ የሆነውን አላየም።

የሆነው ይህ ነው፤ ሌሎች ሳይንቲስቶች "መርዙን ብቻውን በደም ውስጥ ከመልቀቅ፣ ወደ ካንሰሩ ሴል በሚሄድ ነገር ላይ ብናስረውስ?" ብለው ተነሡ። በአንዳንድ የጡት ካንሰር ሴሎች ላይ ኸር-2 የሚባል ፕሮቲን በብዛት ይገኛል። ትራስቱዙማብ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ይህን ፕሮቲን ፈልጎ ይጣበቅበታል። በአንዱ ፀረ እንግዳ አካል ላይ በአማካይ ሦስት ወይም አራት የሜይታንሲን ልጆች ይታሰራሉ። ሲጣበቅ ሴሉ አብሮ ይውጠዋል፣ ፀረ እንግዳ አካሉ ውስጥ ገብቶ ይፈርሳል፣ መርዙም እዚያው ይፈታል። ይህ መድኃኒት፣ በገበያ ስሙ ካድሳይላ፣ በየካቲት 2013 ተፈቀደ። ለፈቃዱ ባበቃው ጥናት፣ በሽታው የተሠራጨባቸው ሴቶች በነባሩ ሕክምና በአማካይ 25 ወር ሲኖሩ በአዲሱ 31 ወር ያህል ኖረዋል። ኋላ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት መድኃኒት ወስደው ካንሰሩ ሙሉ በሙሉ ላልጠፋላቸው ሴቶች ሲሰጥ በሽታው የመመለሱን ዕድል በግማሽ ቀንሶታል። በ2022 ለእንቁልጢ ካንሰር የተፈቀደ ሌላ መድኃኒትም ከዚሁ ቤተሰብ ነው።

ስለዚህ "አጣጥ መድኃኒት ነው?" ላሉኝ መልሴ፣ አጣጥ ውስጥ መድኃኒት ሊሆን የቻለ መርዝ ተገኘ፤ መድኃኒት ለመሆን ግን 40 ዓመትና ፀረ እንግዳ አካል ጠየቀ የሚል ነው። አጥር ጥግ ያለውን አጣጥ ቀጥቅጦ የሚጠጣ ሰው የሚያገኘው በ1970ዎቹ የወደቀውን ነገር ነው፤ እርሱንም ሳይመዘን።

አሁንም አጣጥ ይቆረጣል?

አይቆረጥም። ውህዱ የዕፁ ሥራ ሳይሆን ከዕፁ ጋር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሥራ መሆኑን የሚያሳዩ ማስረጃዎች ተገኝተዋል። ፋብሪካዎችም መነሻውን የሚያገኙት ከእርሱ ጋር ተመሳሳይ ነገር የሚሠራ ባክቴሪያ በጋን ውስጥ እንደሚብላላ ጠላ አብላልተው ነው።

ግራዋስ?

ያው ኩፕቻን በ1969 ከግራዋ ቨርኖዳሊን የተባለ ውህድ ለይቶ አሳትሟል። የካንሰር ሴል በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ይገድላል። እዚያው ቆመ፤ ለታካሚ የሚሰጥ መድኃኒት አልሆነም። ሁለቱም ዕፆች በአንድ ሰው እጅ አልፈዋል፤ አንዱ ሆስፒታል ገባ፣ ሌላው ገንቦ ማጠቢያ ሆኖ ቀረ። አብዛኛው ዕፅ የግራዋ ዕጣ ነው የሚደርሰው። በዚያ በ1960 ተጀምሮ በ1981 በቆመው የአሜሪካኖቹ አሰሳ ከ30,000 በላይ የዕፅ ዝርያዎች ተፈትሸዋል፤ ታካሚ አልጋ አጠገብ የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

"ጥናት አረጋገጠ" የሚሉ ቪዲዮዎች ስለ ጥቁር አዝሙድ፣ ስለ እርድና ስለ ጊሽጣ ያወራሉ። ጥናቶቹ ውሸት ናቸው?

ብዙዎቹ ውሸት አይደሉም። የተጠኑት ግን በሰው ላይ አይደለም። በሳህን ላይ ያለ የካንሰር ሴል የሚገድል ነገር ማግኘት ከባድ አይደለም፤ በረኪናም ይገድለዋል፣ የፈላ ውሃም ይገድለዋል። ከባዱ ነገር ተውጦ፣ ጨጓራና ጉበት አልፎ፣ በደም ተጉዞ፣ ዕጢው ዘንድ በበቂ መጠን ደርሶ፣ ልብንና መቅኔን ሳይጎዳ ካንሰሩን ብቻ መምታት ነው።

እርድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቢጫ ቀለሙን የሚሰጠው ኩርኩሚን በሳህን ላይ ብዙ ነገር ይሠራል። ለቆሽት (ፓንክሪያስ) ካንሰር ታካሚዎች በቀን 8 ግራም ኩርኩሚን ተሰጥቶ ሲለካ ደም ውስጥ የተገኘው እጅግ ጥቂት ነበር፤ አንጀት አያስገባውም፣ ጉበትም ቶሎ ያስወግደዋል። በጥቁር አዝሙድ ውስጥ ያለው ታይሞክዊኖንም በላቦራቶሪ ደረጃ ብዙ የተጻፈለት፣ በታካሚዎች ላይ ግን ካንሰር እንደሚያድን ያልታየ ውህድ ነው። ግራቪዮላ የሚባለው የጊሽጣ ዘመድ ደግሞ አኖናሲን የተባለ የነርቭ መርዝ አለው። ካሪቢያን ባሕር ውስጥ ባለችው ጓድሉፕ ደሴት ፍሬውንና የቅጠሉን ሻይ የሚያዘወትሩ ሰዎች ላይ የታየውን ያልተለመደ የፓርኪንሰን ዓይነት በሽታ ተመራማሪዎች ከዚሁ ጋር አያይዘውታል።

ቪዲዮውን ሲያዩ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፤ የተሞከረው በማን ላይ ነው? መልሱ "በሴል" ወይም "በአይጥ" ከሆነ ገና የመንገዱ መጀመሪያ ላይ ነን።

"ቫይታሚን ቢ17" የሚባለውስ?

ቫይታሚን አይደለም። ከአፕሪኮት ዘር የሚወጣ፣ ሆድ ውስጥ ሲፈርስ ሳያናይድ የሚለቅ ውህድ ነው። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ገዝተው ስለሚልኩት በየጊዜው አየዋለሁ። አሜሪካ ውስጥ በ178 የካንሰር ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ1982 ታተመ። አንድም አልዳነም፣ ዕድሜም አላራዘመም፤ አንዳንዶቹ ደም ውስጥ ያለው ሳያናይድ ወደ አደገኛ መጠን ተጠግቶ ነበር። እባክዎን አይጠቀሙት።

ዕፅ እኮ ተፈጥሮ ነው፤ መርዙ ኬሞው አይደለም?

ኬሞው መርዝ መሆኑን አልክድም። በጓንትና በጭንብል የማዘጋጀው ለዚህ ነው። ግን ከላይ እንዳዩት ያው መርዝ ከዕፅ የመጣ ነው። ሴል ለሁለት ሲከፈል ዘሩን ወደ ሁለት ወገን የሚጎትቱ ቀጫጭን ቱቦዎች ይዘረጋል፤ እንደ ሸማኔ ድር ያስቧቸው። ቪንክሪስቲንና ሜይታንሲን ድሩ እንዳይዘረጋ ይከለክላሉ፤ ፓክሊታክስል ደግሞ የተዘረጋው እንዳይፈታ ያደርገዋል። በሁለቱም መንገድ ሴሉ መከፈል አቅቶት ይሞታል። ፀጉር፣ አንጀትና መቅኔም ቶሎ ቶሎ ስለሚከፈሉ አብረው ይመታሉ። ጣት የሚደነዝዘውም ነርቮች በነዚሁ ቱቦዎች ስለሚኖሩ ነው።

በመስኮቴ የሚወጣው መርዝ መጠኑ ይታወቃል፣ ጉዳቱ ይጠበቃል፣ ማስታገሻው አስቀድሞ ይሰጣል። ፓክሊታክስል የሚሟሟው ከጉሎ ዘይት በተሠራ ፈሳሽ ነው፤ ያ ፈሳሽ አለርጂ ስለሚያስነሣ አስቀድመን የአለርጂ መከላከያ እንሰጣለን። ቅጠል ቀጥቅጦ ለሚጠጣ ሰው ይህን የሚያደርግለት የለም።

ሕክምናዬን ሳላቋርጥ ጎን ለጎን ብጠጣስ?

ብዙ ሰው መካከለኛ መንገድ ያገኘ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው፤ እኔን በጣም የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። አብዛኞቹን የካንሰር መድኃኒቶች አፍርሶ የሚያስወጣው ጉበት ነው። ዕፁ ጉበትን ቢያፋጥነው መድኃኒቱ ሳይሠራ ይወጣል፤ ቢያዘገየው ደግሞ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ተከማችቶ ይመርዛል።

አውሮፓና አሜሪካ ለድብርት የሚሸጠው ሴንት ጆንስ ዎርት የእኛ አሜጃ ዘመድ ነው። አይሪኖቴካን ከሚወስዱ ታካሚዎች ጋር ሲሞከር የመድኃኒቱን ዋና ሠራተኛ ውህድ በደም ውስጥ በ42 በመቶ ቀንሶታል። ታካሚው መርፌውን ተወጋ፣ ጉዳቱን ተሸከመ፣ ጥቅሙን ግን ግማሽ ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው አጣ ማለት ነው። ግሬፕ ፍሩት ደግሞ በተቃራኒው የአንዳንድ መድኃኒቶችን መጠን ከፍ ያደርጋል።

አንድ ጊዜ አንድ ወጣት እናቱን ደግፎ መጣ። ሦስተኛ ዙር ኬሞዋ ነበር። ዓይኖቿ ቢጫ ሆነው ነበር፤ የጉበት ምርመራዋም እጅግ ከፍ ብሎ መጣ። ሐኪሙም እኔም የሰጠናትን መድኃኒት አንድ በአንድ አገላበጥን፤ የሚያስከትል አላገኘንም። ልጁ ዝም ብሎ ቆይቶ ወጣና ከመኪና ውስጥ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ይዞ ተመለሰ። ክዳኑን ሲከፍተው የመረረ የቅጠል ሽታ ክፍሉን ሞላው። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ብርጭቆ ትጠጣ ነበር፤ የተነገራቸው "ጉበት ያጥባል" ተብሎ ነው። ጀሪካኑ ተደፋ፣ ኬሞው ሁለት ዙር ተላለፈ፣ ጉበቷም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ልጁ "ቁጣ ፈርቼ ነው ያልነገርኳችሁ" አለኝ። ያን ቀን ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም ብዬ አሰብኩ፤ እኛም አልጠየቅነውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ማዘዣ በተቀበልኩ ቁጥር እጠይቃለሁ።

ወጥ ውስጥ ያለውን እርድና ነጭ ሽንኩርትም ልተው?

አይተዉ። ምግብ ምግብ ነው፤ በኬሞ ጊዜ መብላትዎ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ የሚመጣው በማንኪያ የሚዋጥ ዱቄት፣ እንክብልና የተቀቀለ ጭማቂ ሲሆን ነው። የእርድ እንክብል ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች በጣሊያንና በአሜሪካ ተመዝግበዋል። በግዛዋ እንክብልም እንዲሁ። የነጭ ሽንኩርት እንክብል ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ቀዶ ሕክምና ካለብዎት አስቀድሞ መቆም አለበት። ነጭ የደም ሴልዎ ዝቅ ባለበት ሳምንት ደግሞ ያልታጠበና ያልበሰለ ቅጠል መብላት ከበሽታ ጋር ያገናኛል።

እናቴ ቀዶ ሕክምናውን ትቼ የባህል መድኃኒት ልሞክር ትላለች። ምን ልበላት?

መጀመሪያ ምን እንደሚያስፈራቸው ይጠይቋቸው። ፍርሃቱ ጡታቸውን ማጣት ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡ፣ ወይም ለሕክምና ሄዳ ያልተመለሰች ጎረቤትም ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ የተለየ መልስ አለው። "ዕፅ አይሠራም" ብሎ መከራከር ብቻውን የትም አያደርስም፤ ደግሞም ከላይ እንዳየነው ዕፅ የሚሠራበት ጊዜ አለ።

ከዚያ ይህን ይንገሯቸው። በ2018 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ ካንሰራቸው ገና ሊድን በሚችልበት ደረጃ ሳለ አማራጭ መድኃኒት ብቻ የመረጡ 281 ሰዎች መደበኛውን ሕክምና ከወሰዱት ጋር ተነጻጸሩ። የመሞት ዕድላቸው ሁለት ተኩል እጥፍ ነበር፤ በጡት ካንሰር ከአምስት እጥፍ በላይ። እነዚያ ሰዎች በዋናነት የከፈሉት ጊዜ ነው። ዛሬ እንደ ሽንብራ ያለ እባጭ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል፤ ከዓመት በኋላ ብብትና አጥንት ከገባ ግን ቀዶ ሕክምናው ራሱ ላይቻል ይችላል። ስለዚህ የምለምንዎ፣ ዕፁን "በኋላ" ያድርጉት፤ ቀዶ ሕክምናውን ግን አያዘግዩ።

የአገራችንን ዕፅዋት ማን ይመረምራል? ጥቅሙስ ለማን ይሆናል?

የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ይመረምራሉ፤ አብዛኛው ሥራ ግን በሳህንና በአይጥ ላይ ይቆማል፤ ቀጣዩ ደረጃ እጅግ ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ። የባህል ሐኪሞቻችንን ዕውቀት በጣም አከብራለሁ፤ ቪንክሪስቲንም የተገኘው ሰዎች የሚጠጡትን ቅጠል በመከተል ነው። ግን እነርሱ ለስኳር የጠጡት ለደም ካንሰር ሆነ። የባህል ዕውቀት የት እንደሚፈለግ ይጠቁማል፤ ምን እንደሚገኝ ግን ፍተሻው ነው የሚነግረን።

አጣጥ ሲወሰድ የዕፅዋትን ባለቤትነት የሚጠብቅ ሕግ አልነበረም። የብዝሃ ሕይወት ስምምነት የመጣው በ1992፣ የጥቅም መጋራትን የሚመለከተው የናጎያው ፕሮቶኮል በ2010፣ የእኛው አዋጅ ቁጥር 482 በ2006 ነው። ዛሬ አንድ የውጭ ድርጅት ቅጠል ይዞ ለመውጣት ፈቃድና የጥቅም ተጋሪነት ውል ያስፈልገዋል። ከአጣጥ የመነጨው መድኃኒት ዛሬ ከአብዛኛው ኢትዮጵያዊት ታካሚ አቅም በላይ መሆኑን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ዕፅ እየጠጣሁ ከሆነ ለሐኪሜ ምን ይዤ ልሂድ?

ራሱን ዕፁን ይዘው ይሂዱ። ስሙ ብቻ አይበቃም፤ በአንድ ስም ጎጃም አንድ ቅጠል፣ ሐረር ሌላ ቅጠል ሊጠራ ይችላል። ቢቻል አበባውና ፍሬው የሚታይበት ፎቶ አንሡ። እንክብል ከሆነ ዕቃውን ከነጽሑፉ ያምጡት። መቼ እንደጀመሩ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ በምን ያህል እንደሚጠጡ ይጻፉ። በጀሪካን ከሆነም ጀሪካኑን ይዘው ይምጡ፤ አንቆጣም።